ጦሳ ላይ የነፋስ ተርባይን ቢቆም፦ አውራ ጣት ያህላል ወይስ ስንዝር?

ሰኞገበያ_ማዶ (ክሩን የከፈተው)
ሰኞ፣ ማታ 2፡15

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። ወሬ እንዳይሆንብኝ አንድ ነገር ልቅደም። ጦሳ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ሊተከል ነው አላልኩም። እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም። ነገሩ የተነሳው ቡና ላይ ነው።

ባለፈው ሳምንት ለዘመድ ልጅ ምርቃት አዳማ ሄጄ ነበር። በፈጣን መንገዱ አዳማ ልትገቡ ስትሉ ኮረብታው ላይ ተደርድረው የሚዞሩትን ነጫጭ ማማዎች ታውቋቸዋላችሁ። በስልኬ ቀረጽኳቸው። ቤት ስመለስ ለእናቴ አሳየኋት። ዝም ብላ አየችና "ያምራል። ጦሳ ላይ ግን እንዳያመጡብኝ" አለች። ታናሽ ወንድሜ ከአፏ ነጥቆ "እንኳን ጦሳ ላይ፣ ጓሯችንም ውስጥ ይትከሉት። መብራት ብቻ ይምጣ" አለ። ከአቦል እስከ በረካ ተጨቃጨቁ። ጎረቤት ሳይቀር ለሁለት ተከፈለ።

እኔ መሃል ቀረሁ። ጦሳ ለእኛ ተራራ ብቻ አይደለም። ጠዋት በር ስትከፍት የምታየው እሱን ነው። ጉም ከለበሰ ጃንጥላ ትይዛለህ። ከሩቅ አገር ስትመጣ የሐረጎን ዳገት ጨርሰህ እሱን ስታይ "ተመስገን፣ ደረስኩ" ትላለህ። እዚያ አናት ላይ ክንፍ የሚያዞር ማማ ቢቆም ምን ይሰማችኋል? ስድብ አይፈቀድም፤ እናቴ ታነባለች።


ቦርከና_ዳር
ሰኞ፣ ማታ 2፡31

ወንድምህ እግዜር ይባርከው። ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ የብየዳ ቤት አለኝ። በር እየበየድኩ መሃል ላይ መብራት ድርግም ሲል የሚሰማኝን ለእናትህ ንገርልኝ። የሰው በር ግማሹ ተበይዶ ግማሹ ተንጠልጥሎ ያድራል። በ2014 ኅዳር፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ጨለማ ውስጥ የከረመ ከተማ "እይታዬ ተበላሸ" ሊል አይገባም። የጠገበ ሰው ወሬ ነው።


የቡና_ቁርስ
ሰኞ፣ ማታ 2፡48

ቦርከና ዳር፣ በአክብሮት፤ ጦሳ ላይ ማማ ስለቆመ ያንተ ብየዳ ቤት መብራት አይጠፋም ያለህ ማነው? እኔ ሆጤ ነው የምኖረው። ትራንስፎርመር ሲቃጠልብን ስንት ሌሊት እንዳደርን የማውቀው እኔ ነኝ። ችግሩ ኃይል ማነሱ ሳይሆን መስመሩ ነበር። ሁለቱን አታምታታቸው።

ደግሞ "የጠገበ ሰው ወሬ" አትበል። ድሃ ዓይን የለውም እንዴ?


አዳማ_ያለሁ
ሰኞ፣ ማታ 3፡05

ትውልዴ ወረኢሉ ነው፣ አሁን አዳማ ነኝ። የቡና ቁርስ ልክ ናት። የማማዎቹ ኃይል የሚገባው ብሔራዊ ቋት ውስጥ ነው። ጎረቤት ስለሆንክ ቀድሞ አይደርስህም። የግድብ ጎረቤትም እንደዚያው ነው።

እይታውን በተመለከተ ግን የራሴን ልናገር። የመጀመሪያዎቹ 34 ማማዎች በ2004 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ ሰው ሁሉ ያወራ ነበር። ሕፃናት "ትልቁ ማራገቢያ" ይሉታል። አንዳንድ ሰው ደግሞ "ዝናቡን ገፍቶ ያባርርብናል" ይል ነበር። (አያባርርም። ደመና ያለበት ከፍታ ሌላ ነው።) ከዚያ በ2007 ሌላ 102 ማማ ተጨመረ። ሁለቱ ሲደመሩ 204 ሜጋ ዋት ነው። አሁን ብትጠይቁኝ፣ ወላሂ፣ አላያቸውም። ዓይኔ ፊት አሉ፤ ግን አላያቸውም። እንግዳ መጥቶ "ዋው" ሲል ነው ትዝ የሚሉኝ።


ወሎዬ_ከኮፐንሀገን
ሰኞ፣ ማታ 3፡40

አዳማ ያለሁ የተናገረው ነገር እዚህ በጥናት የታወቀ ነው። ሰው ተርባይንን በጥቅሉ ስትጠይቀው ይደግፋል። "እዚህ ሰፈርህ ልንተክል ነው" ስትለው ድጋፉ ቁልቁል ይወርዳል። ተተክሎ ጥቂት ዓመት ሲቆይ ደግሞ ተመልሶ ይወጣል። እንደ ጎድጓዳ ሳህን በሉት። የኛ እናት አሁን ሳህኑ መውረጃው ላይ ናት ማለት ነው፤ ገና ምንም ሳይታቀድ!

ኮፐንሀገን ባሕሩ ላይ፣ ከወደቡ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ፣ 20 ማማ አለ። ሚድልግሩንደን ይባላል። በእኛ አቆጣጠር 1993 አካባቢ ነው የቆመው። መጀመሪያ የታሰበው 27 ማማ በሦስት ረድፍ ነበር። ሕዝቡ "ይህ የብረት ጫካ ነው" ብሎ ሲያጉረመርም ንድፉ ተቀየረ። 20 ብቻ ሆኖ፣ በአንድ ቀስት በሚመስል መስመር ተደረደረ። አሁን ለከተማዋ እንደ ጌጥ ነው። ግማሹ የኅብረት ሥራ ማኅበር ንብረት ሲሆን ከ8,000 በላይ አባላት አክሲዮን ገዝተውበታል። ጎረቤቴ የሆኑ ሽማግሌ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር "ዛሬ እየሠራልኝ ነው" ይላሉ። የራስህ ከሆነ ማማውም ያምራል።


ቦርከና_ዳር
ሰኞ፣ ማታ 3፡52

የራስ ልጅ አስቀያሚ የለውም እንደማለት ነው።


ሰኞገበያ_ማዶ
ሰኞ፣ ማታ 3፡55

እናቴ ሳቀች። ቀጥሉ።


የሐረጎ_ሹፌር
ሰኞ፣ ማታ 4፡20

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። በየት ያስገቡታል?

ጅቡቲ ኮምቦልቻ ደሴ 11 ዓመት ነዳሁ። የአንድ ክንፍ ርዝመት ታውቃላችሁ? አሁን አሁን የሚመጡት ከ60 ሜትር በላይ ናቸው። አይቆረጥም፣ አይታጠፍም። አንድ ወጥ ሆኖ ነው የሚጫነው። እኔ ተራ ተሳቢ ይዤ ሐረጎ ኩርባ ላይ ስዞር ከላይ የሚመጣው ሚኒባስ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ ረዳቱም ወርዶ ያስቆማል። 60 ሜትር ክንፍ ይዘህ እዚያ ኩርባ ላይ? ጭራው ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚዞረው። ስለዚህ መጀመሪያ ኩርባውን ማስፋት ነው። ተራራ መቁረጥ ነው። ሐረጎን ከጨረስክ በኋላም ጦሳ አናት ላይ የሚያወጣ ሌላ መንገድ ትቆርጣለህ።

እናንተ ስለ ማማው ትጨቃጨቃላችሁ። ተራራውን የሚያበላሸው መንገዱ ነው።


ጂኦ_ደሴ
ሰኞ፣ ማታ 4፡44

ሹፌራችን የክሩን ትልቁን ነገር ተናገረ። ትምህርቴ ጂኦሎጂ ነው። አንድ ሁለት ነገር ልጨምር፤ ከረዘመ ይቅርታ።

አንደኛ፣ ለምን አናት ላይ? ነፋስ ስለሚያዳላ ነው። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የምታገኘው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ የፍጥነት ልዩነት ትልቅ ገንዘብ ነው። የኮረብታ ጀርባ ላይ ነፋሱ ተጨንቆ ስለሚያልፍ ይፈጥናል። በሌላ በኩል ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀላል። ያው ነፋስ እዚህ የሚገፋው ባነሰ ጉልበት ነው። እንዲያም ሆኖ ከአናቱ የሚገኘው ፍጥነት ይበልጣል። ጠቡ የሚመጣው ለዚህ ነው። ነፋሱ የሚወደው ቦታና የሰው ዓይን የሚወደው ቦታ አንድ ነው።

ሁለተኛ፣ መንገዱ። የደሴ ዙሪያ ተዳፋት መሬት ይንሸራተታል። ይህን ለማወቅ ጂኦሎጂ መማር አያስፈልግም፤ ክረምት ግድግዳው የተሰነጠቀበትን ሰው ጠይቁ። ተዳፋትን ከሥሩ ስትቆርጠው ከላይ ያለው መደገፊያ ያጣል። ዝናብ ሲጨመርበት ይወርዳል። ማማው ከ20 ወይም ከ25 ዓመት በኋላ ይፈታል፤ ብረቱ ተሸጦ ያልቃል። የተቆረጠው ተራራ ግን አይሰፋም። ቀይ አፈሩ ከፒያሳ እየታየ ይኖራል። እኔ ብጠየቅ በመጀመሪያ የማየው የመንገዱን ንድፍ ነው። የማማውን ሥዕል ከዚያ በኋላ አሳዩኝ።

ሦስተኛ፣ ይህ ደግሞ ትንሽ ለጠብ ነው፤ "የተፈጥሮ እይታችን" የምትሉት ጦሳ ላይ ያለው ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን ነው። አያቶቻችን የሚያውቁት ጦሳ ሌላ ነበር።


የቡና_ቁርስ
ሰኞ፣ ማታ 4፡58

ጂኦ፣ ሦስተኛው ላይ ተቀየምኩህ። ባሕር ዛፉ ቤት ሆኖልናል፣ ማገዶ ሆኖልናል፣ ጉንፋን ሲይዘን ታጥነንበታል። ለዚያ ነው የለመድነው። ማማው ለእኔ ምን ይሆነኛል? ብታጠን አይሸት!


ወሎዬ_ከኮፐንሀገን
ሰኞ፣ ማታ 5፡10

ይህችን ብታጠን አይሸት የምትለዋን ለባለሙያዎቹ ሁሉ በላክሁላቸው።

ስኮትላንድ ውስጥ ጊጋ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ነዋሪዎቹ ተሰብስበው ሦስት ያገለገሉ ተርባይኖች ገዙ። "ጨፋሪዎቹ እመቤቶች" ብለው ሰየሟቸው። አንደኛዋ እምነት፣ ሁለተኛዋ ተስፋ፣ ሦስተኛዋ ምጽዋት። ባሕሩን ተሻግሮ ማዶ ደግሞ ኪንታየር አለ። እዚያ ያሉት ማማዎች የኩባንያ ናቸው። ተመራማሪዎች ሁለቱን ሕዝብ ጠየቁ። የራሳቸው የሆነላቸው የደሴቷ ሰዎች ስለ እይታውም ሳይቀር የተሻለ ነገር ተናገሩ። መልክዓ ምድሩ ያው ነው፣ ነፋሱም ያው ነው።


አዳማ_ያለሁ
ሰኞ፣ ማታ 5፡14

ወሎ ላይ ከሆነ ስሙ ታውቋል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ።


ቦርከና_ዳር
ሰኞ፣ ማታ 5፡16

ሦስት ብቻ ከተተከለ ማን ሊቀር ነው? ሌላ ጠብ!


ሰኞገበያ_ማዶ
ሰኞ፣ ማታ 5፡18

ትዝታ ትቅር ያለ ከዚህ ክር ይታገዳል።


ወፍ_ተመልካች
ማክሰኞ፣ ጠዋት 12፡50

ሌሊቱን ሁሉ ስታወሩ ስለ ወፍ ያነሳ የለም። ስምጥ ሸለቆው ዳር ለዳር፣ በእኛ በኩል፣ በመጸውና በበልግ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመላለሱ ትልልቅ ወፎች ያልፋሉ። ንስር፣ ጭልፊት፣ ሽመላ። ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ሙቅ አየር ላይ ተንሳፍፈው ነው የሚሄዱት። ገደል አፋፍ ይወዳሉ። የቦርከና ረግረግና ጨፋ ሜዳ ደግሞ ማረፊያቸው ነው። ተርባይንም አፋፍ ይወዳል።

መፍትሔ የለውም አይደለም። ግብፅ ውስጥ፣ ስዊዝ ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ ራዳርና ሰው ሰማዩን ይጠብቃሉ። መንጋ ሲመጣ ተርባይኑን ያቆሙታል። ሲያልፍ ያስነሱታል። ግን ይህ የሚሆነው አስቀድሞ ከታሰበበት ነው። ጠዋት ጦሳ ላይ ንስር ሲዞር የማየት ነገር ለእኔ የእይታው አካል ነው። ተራራውን ብቻ ቆርጣችሁ አትመልከቱ።


የሐረጎ_ሹፌር
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

ኮምቦልቻ አየር ማረፊያም አለ። ማማዎቹ አናት ላይ ሌሊት ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል መሰለኝ?


ወሎዬ_ከኮፐንሀገን
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡35

ይላል፣ ለአውሮፕላን ነው። እዚህ ሰው ከቀኑ እይታ ይልቅ በሌሊቱ ብልጭታ የሚበሳጭበት ጊዜ አለ። አሁን አውሮፕላን ሲቀርብ ብቻ የሚበራ ዘዴ መጥቷል። ዋጋ አለው፤ ካልጠየቅህ ግን አያመጡልህም።


የቡና_ቁርስ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡50

ደሴ ላይ ሌሊት የሚበራ ነገር መኖሩ ራሱ ቀላል ነው እንዴ?


መቀሌ_የተማርኩት
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡10

መቀሌ አጠገብ ያለውን የአሸጎዳን የነፋስ ኃይል ማመንጫ ያነሳ ሰው የለም። ተማሪ እያለሁ በአጠገቡ ብዙ ጊዜ አልፌያለሁ። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የተመረቀ ነው፣ 84 ማማ፣ 120 ሜጋ ዋት። አንድ ለዚህ ክር የሚሆን ነገር አለው። ከማማዎቹ 30ዎቹ ሁለት ክንፍ ናቸው፣ 54ቱ ሦስት ክንፍ። ጎን ለጎን ስታያቸው ልዩነቱ ይገባሃል። ባለ ሦስቱ ለስላሳ ነው፣ ይፈስሳል። ባለ ሁለቱ ግን ክንፉ ጋደም ሲልና ቀጥ ሲል ዓይንህ ላይ የሚያነክስ ይመስላል። አንዴ ካየኸው በኋላ ዓይንህ እሱኑ ይከተላል። ማን መረጠው፣ ለምን መረጠው አልልም። ማለቴ "ተርባይን አስቀያሚ ነው" ወይም "ያምራል" ከማለት በፊት "የትኛው?" በሉ።


አንድ_ጥያቄ_ብቻ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡30

ህዳሴ ተመርቆ 5,150 ሜጋ ዋት እያለ ነፋስ ምን ያደርግልናል? ጦሳን ለቀቅ አድርጉት።


ጂኦ_ደሴ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡47

ጥሩ ጥያቄ ነው። ግድብ ውኃ ይፈልጋል፤ ውኃ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል። የኛ አገር ነፋስ ደግሞ በአብዛኛው በበጋ ነው የሚበረታው። አንዱ ሲደክም ሌላው ይሠራል። ነፋሱ ሲነፍስ ውኃውን ቆጥበህ ታስቀምጣለህ። ይህ ማለት ግን ጦሳ ላይ መሆን አለበት ማለት አይደለም። ሶማሌ ክልል አይሻ በረሃ ላይም ነፋስ አለ፣ አርሲ ኢተያም አለ።


ቦርከና_ዳር
ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡02

አይሻ ላሉት ሰዎችስ አገራቸው እይታ አይደለም? በረሃ ስለሆነ ዝም ብሎ ይተከልበት? ይህን አልወደድኩትም ጂኦ።


ጂኦ_ደሴ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡06

ተቀበልኩ። ተሳስቻለሁ።

በነገራችን ላይ ማንም ስለ መጠን ሳይነጋገር "ያምራል፣ አያምርም" እየተባለ ነው። ቤታችሁ ሆናችሁ የምትሠሩት ነገር ልስጣችሁ። ማማና ክንፍ ሲደመር 150 ሜትር ነው እንበል፤ አሁን የሚተከሉት ብዙዎቹ ከዚያም ይበልጣሉ። ክንዳችሁን ወደ ፊት ቀጥ አድርጉ። አንድ ዓይን ጨፍኑ። አውራ ጣታችሁን አጋድሙ።

4 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ማማ ቁመቱ የአውራ ጣታችሁን ወርድ ያህላል፣ ትንሽ በለጥ ቢል ነው። 2 ኪሎ ሜትር ላይ ከሆነ ሁለት አውራ ጣት። 20 ኪሎ ሜትር ላይ የምስር ፍሬ ታክላለች። ነገ ጠዋት ከየሰፈራችሁ ወደ ጦሳ አናት ለኩ። ፎቶ አትመኑ። ስልክ ተራራን ያሳንሳል፣ ዙም ካደረግህ ደግሞ ማማውን ግዙፍ ያደርገዋል። ለማስፈራራት የሚፈልግም ለማባበል የሚፈልግም በዚያ ነው የሚጫወተው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ዓይንን ይጠራል። ጣታችሁ አይዞርም። ስለዚህ ከጣታችሁ ትንሽ ይብሳል ብላችሁ ያዙ።


የቡና_ቁርስ
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡05

ከሆጤ ሪፖርት። ጉም ነው። ጦሳም የለም፣ ጣቴም የሚታየኝ በግድ ነው። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ከሆነ ማን ያየዋል ብላችሁ ነው የምትጣሉት?


አራዳ_ሻይ_ቤት
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡40

ከአራዳ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወጥቶ ጣቱን ሰቀለ። ትራፊኩ መጥቶ "ምንድነው?" አለ። ነገርነው፤ እሱም ለካ። እኛ ጋ ሁለት ጣት ያህል ይሆናል ብለን ተስማማን። አንድ ሽማግሌ ግን "እኔ ጣቴን ሳይሆን ጦሳን ነው ማየት የምፈልገው" ብለው ሻያቸውን ሳይጨርሱ ገቡ። መልስ አጣን።


የሐረጎ_ሹፌር
ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡15

ሐረጎ ወገብ ላይ መኪና አቁሜ ለካሁ። ከኋላዬ ያለው ጡሩምባ ነፋብኝ። ምስር።


ሐይቅ_እስጢፋኖስ_ዳር
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00

ጦሳን እንደወደዳችሁ አድርጉ። ሐይቅን ግን አልሰጥም። ገዳሙ፣ ውኃው፣ ጠዋት ያለው ዝምታ። እዚያ አንዲት ምስር ብትሆንም አልፈልግም። ለምን ብትሉኝ ምክንያት የለኝም። ሁሉ ነገር ምክንያት አይጠየቅም።


ወሎዬ_ከኮፐንሀገን
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡25

ትክክል ነህ፣ እንደዚህ ብሎ መናገርም መልስ ነው። ግን ያቺ "አልሰጥም" የማን እንደሆነችም ማየት ነው። አሜሪካ ውስጥ ኬፕ ኮድ ባሕር ላይ 130 ተርባይን ሊተከል ታስቦ ነበር። በነሱ አቆጣጠር በ2001 ተጀምሮ በ2017 ተተወ። 16 ዓመት ሙግት! ከተቃዋሚዎቹ ውስጥ ባሕር ዳር ቪላ ያላቸው ታላላቅ ቤተሰቦች ነበሩ፣ ኬኔዲዎቹም ጭምር። ጠበቃ ያለው ሰው እይታ ክብደት አለው። ጠበቃ የሌለው ሰው እይታ "ባዶ መሬት" ይባላል።


ከዳገቱ_ላይ
ረቡዕ፣ ማታ 1፡30

ሦስት ቀን ሙሉ እያነበብኩ ነው። ዝም ያልኩት ኔትወርክ እኛ ጋ የሚመጣው ማታ ስለሆነ ነው፤ ትንሽ ደግሞ ተናድጄ።

እኔ ከተማ አይደለሁም። ከደሴ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው ቤታችን። ገብስና ባቄላ እንዘራለን፣ በግ አለን። ስሙን መናገር አልፈልግም።

ጂኦ ያለውን ዛሬ እኔም ለካሁ። ጉም አልነበረም። አንድ ማማ እኛ ማሳ ጫፍ ላይ ቢቆም ከቤታችን በራፍ 400 ሜትር ያህል ይሆናል። ሒሳቡን ወንድሜ ሠራልኝ፤ ዘጠነኛ ክፍል ነው። አውራ ጣት አልበቃ አለን። ስንዝር ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ፣ መዳፋችሁን ከፍታችሁ፣ ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት። ሰማዩ ላይ ያን ያህል የሚዞር ነገር። ፀሐይ ከጀርባው ስትወርድ ጥላው ቤት ውስጥ ገብቶ ብልጭ ጥልም ይላል አሉ። ድምፅም አለው። እናንተ ስለ አውራ ጣት ስትሟገቱ ስለ ስንዝሩ ማንም አልጠየቀም።

እንዳትሳሳቱ፣ አልፈልግም አላልኩም። እኅቴን ያገቡት ሰዎች አገር (የት እንደሆነ ይቅር) ማማ ተተክሎ ሥሩ ድረስ ያርሳሉ፣ ከብት ያሰማራሉ። መሬቱን የሚበላው ማማው ሳይሆን መንገዱና መስመሩ ነው ብለውኛል፤ ሹፌሩ እንዳለው። ካሳ ግን ዘግይቶ፣ ደግሞ ላንዱ ደርሶ ለሌላው ሳይደርስ፣ ወንድማማቾች ተኳርፈውበታል። አሁንም ማማውን ሲያዩ የሚያዩት ያንን ነው። አማታቸው "ይሄ ነገር በዞረ ቁጥር ነገሩ ይዞርብኛል" ይላሉ። ያ ማማ አስቀያሚ ነው ወይስ ቆንጆ? እኔ እንጃ።

ሌላ ነገር። አናቱ ላይ የሼኮች ቀብር አለ። ወዲህ ዝቅ ብሎ ደግሞ ታቦት የሚወርድበት ሜዳ አለ። ካርታ ላይ ሁለቱም የሉም። ማን ነግሯቸው ይጽፉታል?


ጂኦ_ደሴ
ረቡዕ፣ ማታ 1፡52

ወንድሜ፣ ሒሳቡ ልክ ነው። ለዘጠነኛ ክፍሉ ሰላምታ አድርስልኝ። ጥላውን በተመለከተ ጀርመኖች ወሰን አላቸው። አንድ ቤት ላይ በዓመት ከ30 ሰዓት፣ በቀን ከ30 ደቂቃ በላይ እንዳይወርድ ይላሉ። ካለፈ ተርባይኑ ይቆማል። የመጀመሪያው ልኬት ከናንተ በራፍ መጀመር ነበረበት። እኔ ከፒያሳ ጀመርኩ።


ወሎዬ_ከኮፐንሀገን
ረቡዕ፣ ማታ 2፡04

እዚህ ዴንማርክ በነሱ 2009 አካባቢ በወጣ ሕግ ተካዩ ቢያንስ 20 በመቶውን አክሲዮን ለአካባቢው ነዋሪ እንዲያቀርብ ተገድዶ ነበር። የቤታቸው ዋጋ የወረደባቸውም ካሳ ይጠይቃሉ። ስንዝሩን የሚያየው ሰው ቅድሚያ አለው ማለት ነው። በኋላ ሕጉ ተለዋውጧል፤ ሐሳቡ ግን መጥፎ አልነበረም።


ቦርከና_ዳር
ረቡዕ፣ ማታ 2፡20

ከዳገቱ ላይ፣ እኔ የመጀመሪያ ቀን "የጠገበ ሰው ወሬ" ብዬ ነበር። ላንተ አልነበረም። አፉ በለኝ።


ከዳገቱ_ላይ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡41

አብሽር ወንድሜ። መብራት ስታጣ የምትለው ነው፤ እኛ ጋ ምሰሶው እንኳ አልደረሰም።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ልተኛ፣ ባትሪዬ እያለቀ ነው። እናንተ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የምታዩት። እኛ ወደ ታች ነው የምናየው። ልጅ ሆኜ ከዚህ ሆኜ ሳይ በታች ዛፍ ነበር፣ ማሳ ነበር። አሁን ቀትር ላይ የደሴ ቆርቆሮ ፀሐይ ሲመታው ዓይን ያጠፋል። በግ ስንጠብቅ ኮፍያችንን ወደ ግንባራችን እንጎትታለን። በየዓመቱ ይሰፋል። ሊሠራ ነው ብሎ የጠየቀን የለም። ተለመደ፤ ማታ ማታ ሲበራ ደግሞ ያምራል። ወንድሜ ክንዱን ዘርግቶ ከተማዋን ለካት። ስምንት ስንዝር።


ሰኞገበያ_ማዶ
ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡10

ይቺን መጨረሻዋን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስኒዋን አስቀመጠች። "ይሄ ልጅ የማን ነው?" አለች። አላውቅም አልኳት። "ቆርቆሯችን ያበራባቸዋል?" አለች ደግሞ። ወደ ጣሪያው ቀና ብላ አየች፤ ከውስጥ ሆኖ የሚታይ ይመስል።

ከዳገቱ ላይ፣ እሑድ ቤት ካላችሁ ልንመጣ ነው። ዳቦ ይዛ ትመጣለች። ከናንተ በራፍ ሆና ራሷ ልትለካ ነው። ወንድሜም ይመጣል፤ ጭቅጭቁን ሳይጨርስ አይቀርም። ጉም ከሌለ።